ዲቴክተሩ ወርቅን አያውቅም

ገበያ ላይ «የወርቅ መፈለጊያ» እየተባለ የሚሸጠው መሣሪያ ወርቅን ከሌላው ብረታ ብረት ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው በዋናነት አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር መኖር አለመኖሩን። ወርቅ ያስተላልፋል፣ የቢራ ቆርኪም ያስተላልፋል፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ከአንድ ቆፋሪ ጫማ ላይ የወለቀ ምስማርም ያስተላልፋል። ቅዳሜና እሁድ ዲቴክተር ተሸክሞ ጫካ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ከቆርኪውና ከምስማሩ ጋር ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ሰው ብዙ ሳይቆይ መሣሪያውን በግማሽ ዋጋ ለሌላ ተስፈኛ ይሸጠዋል።

ወርቅ ፍለጋን እንደ መዝናኛ የያዙት ሰዎች በብዛት ከሚገኙባቸው አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት፤ በተለይ ከሜልበርን በስተ ሰሜን ምዕራብ «ወርቃማው ሦስት ማዕዘን» የሚባለው የቪክቶሪያ ግዛት አካባቢ። ጡረተኛው፣ አናጺው፣ ነርሷ ድንኳናቸውን ጭነው ይሄዳሉ። ከሜልበርኑ ፉትስክሬይ ሰፈር የአበሻ ምግብ ቤቶች ተነስቶ የወርቅ ከተማዋ ባላራት ለመድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይፈጅም። ስለዚህ የማወራው ስለዚያ መሬት ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መሣሪያው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ሰፌድ የሚያህል ክብ ነገር አለ፤ ውስጡ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ኮይል ይሉታል። በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን ሲቀያይር በዙሪያው የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ መሬት ውስጥ ገብቶ ብረታ ብረት ሲያገኝ፣ በዚያ ነገር ላይ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይነሳሉ። አዙሪቶቹ በተራቸው ደካማ መስክ ይመልሳሉ። ሌላ የተጠቀለለ ሽቦ መልሱን ይቀበልና በጆሮ ወደሚሰማ ድምፅ ይለውጠዋል።

ሐሳቡ ያረጀ ነው። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው ሲተኙ፣ በስልክ ፈጠራ የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በዚሁ መንገድ የሚሠራ መሣሪያ ይዞ ጥይቱን ፍለጋ ዋይት ሀውስ ገብቶ ነበር። አልተሳካለትም። ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ የብረት ሽቦ ስለነበረበት መሣሪያው ተረበሸ፤ ሐኪማቸውም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ስላመነ በሌላው በኩል እንዲፈተሽ አልፈቀደም። ጥይቱ የነበረው በግራ ነው። የዛሬ ጀማሪም ከቤል ችግር ብዙ አልራቀም፤ ጫፉ ብረት የሆነ የሥራ ጫማ አድርጎ፣ ኪሱ ውስጥ ስልክና ቁልፍ ይዞ ይወጣና መሣሪያው ለምን እንደሚያብድ ይጨነቃል።

ብዙ ዲቴክተሮች የተመለሰው ምልክት ምን ያህል እንደዘገየ በመለካት «ይህ ተራ ብረት ነው፣ ይህ አይደለም» ብለው ይገምታሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ ሳንቲም ለሚፈልግ ሰው ግምቱ ይጠቅማል። ለወርቅ ፈላጊ ግን ወጥመድ አለበት። ወርቅ ራሱ ጥሩ አስተላላፊ ቢሆንም፣ የትንሽ ወርቅ ምልክት ከሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ምልክት አይለይም፤ መልሱን የሚወስነው የነገሩ ምንነት ብቻ ሳይሆን መጠኑና ቅርፁም ስለሆነ ነው። እርሳስ ይብሳል። አሮጌ የጥይት አረርና በመጠን የሚስተካከለው ወርቅ ለጆሮ አንድ ናቸው። እንግዲህ ቆሻሻው እንዳይጮህበት ብሎ መሣሪያውን ያስተካከለ ሰው ወርቁንም አብሮ አፉን ያስይዘዋል። በሥራው የቆዩት የሚመክሩት የጮኸውን ሁሉ መቆፈር ነው። ምክሩ አድካሚ ነው፤ ከእሱ የተሻለ ግን እስካሁን አልተገኘም።

መሣሪያው የማያውቀውን ነገር ቆፍሮ ማውጣት የሚያስከትለው ሁልጊዜ ብስጭት ብቻ አይደለም። በ2015 ዴቪድ ሆል የተባለ ፈላጊ በቪክቶሪያ ሜሪቦሮ አጠገብ 17 ኪሎ የሚመዝን ቀላ ያለ ድንጋይ በዲቴክተሩ አገኘ። ድንጋዩ ከመጠኑ በላይ ስለከበደው ውስጡ ወርቅ አለ ብሎ ደመደመ። በመጋዝ ሞከረ፣ በግራይንደር ሞከረ፣ በድሪል ሞከረ፣ አሲድ ውስጥ ነከረው፣ በትልቅ መዶሻ ደበደበው፤ ድንጋዩ አልተከፈተም። ከዓመታት በኋላ ወደ ሜልበርን ሙዚየም ሲወስደው 4.6 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ከጠፈር የወደቀ አለት መሆኑ ታወቀ። ዲቴክተሩን ያስጮኸው በውስጡ የነበረው ብረት ነው። በቪክቶሪያ የተመዘገቡት እንዲህ ያሉ አለቶች ሃያ አይሞሉም፤ ወርቅ ግን ከግዛቷ ከ2 ሺህ ቶን በላይ ወጥቷል። የትኛው ብርቅ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከቆሻሻው ቀጥሎ የሚመጣው ጠላት አፈሩ ራሱ ነው። የቪክቶሪያ ቀይ አፈር በብረት ማዕድን የተሞላ ስለሆነ፣ ምንም ነገር ባይቀበርበትም ለመሣሪያው መልስ ይሰጣል። በውስጡ የተበተኑ አንዳንድ ጥቋቁር ድንጋዮችማ ልክ እንደ ወርቅ ይጮሃሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የወርቅ ዋጋ ሲንር ሰዉ በአሜሪካ የተሠሩ ዲቴክተሮችን እየያዘ ወደ ጫካው ጎረፈ፤ አፈሩ ግን የብዙዎቹን መሣሪያዎች ጆሮ ደፈነው። መላ የመጣው ከዚያው ከአውስትራሊያ ነው። በ1985 አደሌድ ከተማ ውስጥ የተመሠረተው ማይንላብ የተባለ ኩባንያ፣ ብሩስ ካንዲ በሚባል የፊዚክስ ሰው ፈጠራዎች ላይ ተመሥርቶ በ1995 ኤስዲ 2000 የተባለውን ሞዴል አወጣ። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ መስኩን ያለማቋረጥ አይልክም። አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፣ ድንገት ያጠፋል፣ ከዚያ ያዳምጣል። የአፈሩ መልስ ቶሎ ይሞታል፤ የወርቁ ትንሽ ይዘገያል፤ መሣሪያው የሚይዘው ያችን የምትዘገየውን ነው። ፒአይ ይሉታል። ቪኤልኤፍ ከሚባለው ከመጀመሪያው ዓይነት ይልቅ በመጥፎ አፈር ውስጥ ጠልቆ ይሰማል፤ ብረትን ከሌላው በመለየት ግን ደካማ ነው። ቪኤልኤፍ በበኩሉ ቀላልና ርካሽ ነው፤ እስከ 71 ኪሎ ኸርዝ ድረስ በከፍተኛ ድግግሞሽ የሚሠሩት ደግሞ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቅንጣት ሳይቀር ይሰማሉ፤ ቅንጣቷ ለኮይሉ በጣም ቅርብ እስከሆነች ድረስ።

ስለ ጥልቀት ሻጮች ብዙ ይናገራሉ። አንድ ግራም ወርቅ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ ያህላል፤ ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ስለሚከብድ ግራሙ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። እንዲህ ያለችውን ከስንዝር ብዙ ርቃ የሰማ ሰው ጥሩ መሣሪያና ጥሩ ጆሮ አለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። መስኩ ወደ ታች ሲሄድ በፍጥነት ይደክማል፣ መልሱም ወደ ላይ ሲመጣ እንደገና ይደክማል፤ ከኮይሉ ስፋት አልፎ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ምልክቱ እስከ 64 ጊዜ ይቀንሳል። ትልቅ ኮይል ጠለቅ ይላል፣ ትንሿን ግን ያልፋታል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ የለም።

እንግዲህ ወርቁን የሚያገኘው ምንድን ነው? ቦታ። እኔ ብሆን መሣሪያ ከመግዛቴ በፊት የአካባቢውን የድሮ ካርታ አነብ ነበር።

በማዕከላዊ ቪክቶሪያ ምድር ውስጥ ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ትኩስ ውሃ በአለት ስንጥቆች ሲያልፍ ወርቅና ነጭ የኳርትዝ ድንጋይ እየጣለ አልፏል። ከዚያ ዝናብና ነፋስ ተራራውን ሸረሸሩት። ድንጋዩ ተፈርፍሮ ሄደ፤ ወርቁ ከባድ ስለሆነ ብዙም ሳይርቅ ከተዳፋቱ ሥርና ከወንዙ ወለል ላይ ቀረ። በ1851 ክሉንስና ባላራት ላይ ወርቅ መገኘቱ ሲሰማ ዓለም ወደዚያ ነቀለ፤ የግዛቷ ሕዝብ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ77 ሺህ ወደ 540 ሺህ ገደማ ደረሰ። ቆፋሪዎቹ በእጅ የሠሩ፣ የቸኮሉ፣ በውሃ እጥረት የተቸገሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙ አወጡ፤ ብዙም ጥለው አለፉ። በ1869 ጆን ዲሰንና ሪቻርድ ኦትስ ሞሊያጉል አጠገብ «ዌልካም ስትሬንጀር» የተባለውን ግዙፍ ወርቅ ሲያገኙ ከአፈሩ ሥር ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነበር የተቀበረው። ከተጣራ በኋላ ከ70 ኪሎ በላይ ወጣው። በአቅራቢያው ባለችው በዱኖሊ የሚችለው ሚዛን ስላልነበረ ብረት ቀጥቃጭ ጋ ተወስዶ ተሰባብሮ ነው የተመዘነው።

ስለዚህ የዛሬው ፈላጊ የሚሄደው የድሮዎቹ ወደቆፈሩበት ነው። ጀማሪ «እነሱ የጨረሱትን ምን ልፈልግ» ይላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። እነሱ የቆፈሩት ወርቅ ስለነበረ ነው፤ ዲቴክተርም አልነበራቸውም። ከጉድጓዳቸው አፍ ላይ የደፉት የአፈር ክምር፣ ሳይቆፈር የቀረው የጉድጓዶቹ መካከል፣ ከቁፋሮው ዳር ከፍ ብሎ ያለው ተዳፋት፣ ኳርትዝ የተበተነበት መሬት፤ ይህን የሚያነብ ዓይን ከውድ መሣሪያ ይበልጣል። አንድ የወርቅ ጓል የተገኘበት ቦታ ደግሞ በቀላሉ አይለቀቅም። ጓሎች ከአንድ ድንጋይ ተፈርፍረው ስለሚወጡ ጎረቤት አላቸው።

ከዚያ ሥራው የትዕግሥት ነው። ኮይሉ መሬቱን ሊነካ ሲል ተደርጎ በዝግታ ወደ ግራና ቀኝ ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ምልልስ ባለፈው ላይ እየተደረበ። መቸኮል እንደ አለመሄድ ነው። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የማያቋርጥ ስስ እምምታ አለ። ጥሩ ፈላጊ የሚጠብቀው ጩኸት አይደለም፤ የዚያ እምምታ መንቀጥቀጥ ነው። ጮክ ብሎ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ነው፤ ጠልቆ የተቀበረው ወርቅ ያንሾካሹካል። ድምፅ ሲሰማ የላዩን ቅጠልና አፈር በጫማ ገፋ ያደርጉና እንደገና ያዳምጣሉ። ድምፁ ከተንቀሳቀሰ ነገሩ ከላይ ነበር፣ ምናልባትም ምስማር ነው። ካልተንቀሳቀሰ ዶማው ይነሳል። ብዙዎች በዶማቸው ላይ ማግኔት ያስራሉ፤ ብረት ከሆነ ራሱ ይጣበቃል፣ ጊዜም ይቆጥባል። የወጣውን አፈር በላስቲክ ማንኪያ እየዘገኑ ኮይሉ ላይ ያሳልፋሉ፤ የጮኸውን እፍኝ ለሁለት ይከፍላሉ፣ የጮኸውን ግማሽ እንደገና ይከፍላሉ፤ በመጨረሻ መዳፍ ላይ የምትቀረው አንዲት ነገር ወይ አረር ናት ወይ ወርቅ።

ጫካው የራሱ አደጋ አለው። አካባቢው ያልተከደኑ የድሮ ጉድጓዶች የሞሉበት ነው፤ አንዳንዶቹን ቁጥቋጦ ሸፍኗቸዋል። ዓይኑን መሬት ላይ፣ ጆሮውን ማዳመጫ ውስጥ አድርጎ ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው ለእነሱ የተዘጋጀ ነው። በበጋ እባብ አለ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ስልክ የማይሠራበት ሸለቆም ብዙ ነው። የት እንደሚሄዱ ለሰው ሳይናገሩ መውጣት ጅልነት ነው።

ሕጉን በተመለከተ ቪክቶሪያ ለፈላጊው ደግ ናት፤ ይህ ደግነት ግን በደም የመጣ ነው። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ማንኛውም ቆፋሪ ወርቅ አገኘም አላገኘም በወር 30 ሽልንግ የፈቃድ ክፍያ ይጠየቅ ነበር። ፖሊስ ፈቃድ የሌለውን እያሳደደ ሲያስር ቁጣው ተጠራቅሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 1854 ባላራት ላይ፣ ዩሬካ በሚባለው ምሽግ፣ ወታደሮችና ቆፋሪዎች ተዋጉ፤ ከሃያ በላይ ቆፋሪዎች ሞቱ። በማግስቱ ዓመት ወርሃዊው ክፍያ ቀርቶ በዓመት አንድ ፓውንድ የሚከፈልበት፣ የመምረጥ መብትንም የሚያጎናጽፍ «ማይነርስ ራይት» የተባለ ወረቀት ተተካ። ለመዝናኛ ወርቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚይዘው ፈቃድ እስካሁን ይህንኑ ስም ይዟል። ክፍያው አነስተኛ ነው፣ 10 ዓመት ያገለግላል፣ በእሱ የተገኘ ወርቅም የያዡ ነው። በምላሹ የእጅ መሣሪያ ብቻ መጠቀም፣ ዛፍና ቁጥቋጦ አለመጉዳት፣ የተቆፈረውን መልሶ መድፈን ግዴታ ነው። የግል መሬት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም፤ አብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች ዝግ ናቸው፤ የነባር ሕዝቦች ቅርስ ያለበት ቦታም አይነካም። ብዙው የወርቅ ምድር የጃጃ ዉሩንግ ሕዝብ አገር ነው፤ ድንጋይ መስሎ የተኛው ነገር የእነሱ የጥንት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ የአውስትራሊያ ግዛቶች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ድንበር ሲሻገሩ ፈቃዱ አብሮ አይሻገርም።

ገንዘቡስ? ዘመናዊ ፒአይ መሣሪያ እስከ 10 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ያወጣል። የነዳጁን፣ የምግቡንና የባከነውን ቅዳሜ ጨምሮ ሲሰላ ብዙው ሰው ወጪውን አይመልስም፤ ዓሣ ለማጥመድ የሚወጣ ሰውም እኮ ዓሣ ገበያ የሚገኝ ጠፍቶበት አይደለም። ታዲያ አልፎ አልፎ ሒሳቡን ሁሉ የሚያፋልስ ነገር ይሰማል። በ2023 አንድ የቪክቶሪያ ሰው 1,200 ዶላር በሚያወጣ ተራ መሣሪያ ያገኘውን 4.6 ኪሎ ድንጋይ ጂሎንግ ወዳለ ወርቅ ገዢ ወሰደ፤ 2.6 ኪሎው ወርቅ ነበር፤ ዋጋው 240 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ተገመተ። ዜናው የተሰማ ሰሞን ስንቱ ዲቴክተር እንደገዛ መገመት አያቅትም። ምክሬ መጀመሪያ መከራየት ነው፤ በወርቅ ከተሞቹ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ ጀማሪን ይዘው የሚወጡ ማኅበራትም አሉ።

እነዚሁ መሣሪያዎች ባለፉት ዓመታት ወደ እኛ አካባቢም መጥተዋል፤ የሱዳንን በረሃ ሞልተውታል፣ በሰሜን ኢትዮጵያም ወጣቶች ይዘዋቸው ይታያሉ። ያ ግን መዝናኛ አይደለም፣ እንጀራ ነው። ማዕድኑ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በባህላዊ መንገድ ለማምረትም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከውጭ ለዕረፍት ሲመጡ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መምጣትና መቆፈር የሚያስቡ ዘመዶች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው። በገበቴ እየታጠበ የሚወጣውን ዱቄት መሰል ወርቅ ዲቴክተር አይሰማውም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ «የጮኸውን ሁሉ ቆፍር» የሚለው ምክር ገዳይ ነው። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብም ለመሣሪያው ብረታ ብረት ነው።

መዳፍ ላይ የቀረው ነገር ወርቅ መሆኑን ማወቅ ከፍለጋው ይቀላል። ወርቅ ጥላ ውስጥም ፀሐይ ላይም ቀለሙ ያው ነው፤ ማግኔት አይስበውም፤ በመርፌ ሲወጉት ይሰረጎዳል እንጂ አይፈረፈርም። ጀማሪን የሚያታልለው ፓይራይት ይፈረፈራል፤ ሚካ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቅና እንደ ቅርፊት ይላጣል። ድንጋይ ያለበትን ወርቅ ለማጽዳት አንዳንዶች ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይጠቀማሉ፤ ይህ አሲድ በቆዳ በኩል ገብቶ ልብን የሚያቆም መርዝ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ማቅለጥም አያስፈልግም። መልከ መልካም ጓል እንደ ወርቅ ብቻ ሳይሆን እንደ ብርቅ ዕቃ ነው የሚሸጠው። ኬቪን ሂሊየር በ1980 ኪንጋወር አጠገብ በዲቴክተር ያገኘው 27 ኪሎ የሚመዝነው «ሃንድ ኦፍ ፌይዝ» በላስ ቬጋስ ካዚኖ ከአንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተገዛ፤ ቀልጦ በወቄት ቢሸጥ በጊዜው ገበያ የዚያን ግማሽ ገደማ ነበር የሚያወጣው። ትንንሾቹም እንደ አቅማቸው እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የተገኘውን ሳትነካኩ ፎቶ አንሱት፣ በቤት ሚዛን መዝኑት፣ ዓለም አቀፉ የወርቅ ወቄት 31.1 ግራም መሆኑንም አትርሱ፤ ሁለት ሦስት ገዢ ሳታዩም የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ።